የጠቃጠቆ እንቁላል

ሱረያ ጁማ ከጂዳ የተመለሰችው በ2010 ዓ.ም.፣ አገሩ ሁሉ «ለውጥ መጣ» ብሎ በየአደባባዩ በሚጨፍርበት ሰሞን ነው። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ስትወለውል ኖራ፣ ሻንጣዋ ተርሂል ውስጥ ጠፍቶባት፣ አንዲት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥላ ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ስትወርድ እናቷ እትዬ አሲያ አላወቋትም። «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት። ሱረያ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት።

ከዚያ ሁሉ ዓመት ያተረፈችው አንድ ነገር ቢኖር ኡሙሀኒን ነው። ተርሂል የሚባለው ስደተኛ ወደ አገሩ እስኪሸኝ ድረስ ታጉሮ የሚቆይበት ግቢ ነው፤ ሁለቱ የተገናኙት እዚያ ነው። ኡሙሀኒ የአምባሰል ልጅ ናት፤ ረዥም፣ ቀልደኛ፣ ጨዋታዋ ረሃብ የሚያስረሳ። አርባ ቀን አንዲት ብርድ ልብስ ለሁለት ለበሱ፣ አንዲት ዳቦ ለሁለት ቆረሱ። ሱረያ በትኩሳት ስትነድ ሻሿን በውሃ እየነከረች ግንባሯ ላይ ስታኖርላት የከረመችው፣ ጠባቂዎቹን «እህቴ ልትሞት ነው!» እያለች ስትጮኽባቸው የዋለችው እሷ ናት። ሲወጡ «እኔና አንቺ ከእንግዲህ የአንድ እናት ልጆች ነን» ተባባሉ። ሱረያ ይህን ቃል እንደ ዋዛ አልያዘችውም።

ሐይቅ በገቡ በዓመቱ ከስደት ተመላሾችን በማኅበር የሚያደራጅ ፕሮጀክት መጣና ለስምንት ሴቶች የፈረንጅ ዶሮ ታደለ። ማኅበሩ ወር ሳይሞላው በጭቅጭቅ ፈረሰ። አንዷ ሸጠች፣ አንዷ አረደች፤ ኡሙሀኒም የደረሷትን ለዒድ ሸጣ ጨረሰች። ሱረያ ብቻ ዶሮዎቿን ይዛ፣ እናቷ ጓሮ፣ የሐይቁ ውሃ በባሕር ዛፉ መሃል ብልጭ በሚልበት በኩል፣ በጭቃና በቆርቆሮ የዶሮ ቤት ሠራች። ኡሙሀኒም ወደ አምባሰል መመለሱን ትታ እነሱው ዘንድ ከተመች። እትዬ አሲያ «አንድ ልጅ ወልጄ ሁለት አገኘሁ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ሱረያ ሁለት ታቃፊ የሐበሻ ዶሮ አገኘችና ከፈረንጆቹ እንቁላል ሃያ አራት መርጣ አስታቀፈቻቸው። ሃያ አንድ ቀን በጉጉት ጠበቀች። የተፈለፈሉት አራት ጫጩቶች ብቻ ናቸው። የቀረው ሲሰበር ሽታው ጎረቤት የሚያስወጣ ሆነ። የእንስሳት ባለሙያዋ ተሻለች ተጠርታ መጣች። ተሻለች ከየሰው ጓሮ የማትጠፋ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የለበሰ፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። ካልተሰበሩት አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ማነው ያጠበው?» አለች።

«ማንም አላጠበው» አለች ሱረያ።

ኡሙሀኒ ጀሪካን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ተሻለች ጭዱ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። «እንቁላል እንዲህ በቀላሉ አይሠራም። አስኳሉ ይለቀቃል፣ ነጩ ይከበዋል፣ ከዚያ በስስ ስልባቦት ይጠቀለላል። ቅርፊቱን ለመልበስ ብቻ ሃያ ሰዓት ያህል ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ይሄ ዳማው ቀለም የሚቀባው ወደ መጨረሻ ነው። ሁሉ አለቀ ስትዪ፣ ሊወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀረው፣ ከላይ አንድ ስስ ልባስ ይደረብበታል። ቅርፊቱ ለዓይን የማይታይ ብዙ ሺህ ቀዳዳ አለው፤ ጫጩቱ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ልባሱ አየሩን ያሳልፋል፣ ቆሻሻውን ግን ይከለክላል። እሱን በውሃ አሽተሽ ስታነሺው በርሽን ከፍተሽ ሌባ ጠራሽ ማለት ነው።»

ሱረያ ካላየች አታምንም። ተሻለችም ይህን ስለምታውቅ አንዲት ዶሮ ልትጥል ስትንቆራጠጥ ጠብቃ «መዳፍሽን ከሥሯ ዘርጊ» አለቻት። እንቁላሉ ሞቆ፣ ረጥቦ፣ እያብለጨለጨ እጇ ላይ ዱብ አለ። እያየችው እርጥበቱ ከጫፍ እየሸሸ ሄደ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ደርቆ ብልጭታው ደበዘዘ።

«አጃኢብ!» አለች ሱረያ።

እትዬ አሲያ ከደጅ ሆነው ሲሰሙ ኖረው፣ «ሴት ልጅ ለባብሳ ስታበቃ፣ ከቤት ልትወጣ ስትል ጉፍታዋን ጣል እንደምታደርገው ነዋ!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ የዚያ ስስ ልባስ ስም ጉፍታ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ኡሙሀኒ ራሷ ነገሩን አወጣችው። «እኔ ነኝ ያጠብኋቸው። ኩሳቸውን አይቼ በሞቀ ውሃ ፈትጌ አጠብኋቸው። ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

«ለእንቁላል ብለሽ ትዋሽኛለሽ?»

«ለእንቁላል ካልሆነ ለምን ልዋሽሽ?» አለችና ሁለቱም ጭዱ ላይ ተዘርረው እስኪያማቸው ሳቁ።

በ2013 ያሳደገቻቸው ሃያ ሦስቱ ዶሮዎች ለሱረያ ከቀደሙት ሁሉ የተለዩ ነበሩ። የአንድ ቀን ጫጩት ሆነው መጥተው፣ በከሰል እሳት አሙቃ፣ በእጇ አብልታ አድርሳቸዋለች። መጣል ሲጀምሩ እያንዳንዷ የቀለም አቀባቧ የየራሷ እንደሆነ አስተዋለች። ተሻለችም እውነት ነው አለቻት፤ አንዲት ዶሮ ዛሬ የጣለችውና የዛሬ ወር የምትጥለው እንደ እህትማማች ይመሳሰላል። ከሃያ ሦስቱ አንዷ ዘወትር ጠቆር ያለ ዳማ እንቁላል ትጥላለች፤ ወፍራሙ ጫፍ ላይ ጥቁር ጤፍ የተነሰነሰ የሚመስል ጠቃጠቆ አለው። ዶሮዋም ጠቃጠቆ ተባለች። ሌላዋ በእንቁላሏ ወገብ ዙሪያ መቀነት የታጠቀ የሚመስል ጉብታ ታወጣለች፤ እሷም መቀነቴ ተባለች። እትዬ አሲያ ለጨዋታ እንቁላሎቹን ደባልቀው ያመጡላታል፤ ሱረያ እያገላበጠች «ይሄ የጠቃጠቆ፣ ይሄ የመቀነቴ፣ ይሄ የዚያች የሰነፏ» ትላለች። አንድም ቀን አልተሳሳተች።

በዚያው ዓመት ኡሙሀኒ ሀሚዱ ለሚባል የአምባሰል ገበሬ ተዳረች። ሚዜዋ ሱረያ ነበረች። ሀሚዱ ዝምተኛ፣ እጁ ከሥራ የማይለይ ሰው ነው። ቤቱ ከውጫሌ ወደ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ርቆ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ኡሙሀኒ እዚያ ገብታም ቢሆን ባመቻት ቁጥር ወደ ሐይቅ እየወረደች ሱረያ ቤት ትሰነብታለች።

በ2014 መስከረም ከሰሜን በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ የክረምቱ ነጎድጓድ ጭራ መስሏቸው ነበር። ሱረያ ነገሩ የገባት በእንቁላሉ ነው። ዳማው ቀለም ገርጥቶ፣ ላዩ ላይ ኖራ የተነፋበት የሚመስሉ እንቁላሎች እየበዙ መጡ። አንዳንዱም ገና ሲነካ የሚሻክርና የነጣ ነው።

«ዶሮ ስትደነግጥ ልትጥለው የደረሰውን እንቁላል አምቃ ትይዘዋለች» አለች ተሻለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ሲቆይባት ከላዩ ሌላ ኖራ ይደርብበታል። አንዳንዷ ደግሞ ሳይደርስ ትለቀዋለች፤ ያኔ ቀለሙም ጉፍታውም ሳይሟላ ይወጣል። በሽታ አይደለም። የሚያስፈራቸው ነገር ካልቆመ መድኃኒት የለውም።»

«እኛ የምንጥለው የለንም እንጂ የኛም ሆድ ኖራ ለብሷል» አሉ እትዬ አሲያ።

በዚያ ሰሞን ኡሙሀኒ ሐይቅ መጥታ ነበር። ሀሚዱ ሚሊሻ ሆኖ ዘምቶ፣ መርሳ በኩል እግሩን ተመትቶ ቤቱ ተኝቷል። መድኃኒት ፍለጋ ብላ በወረደችበት ውጊያው ውጫሌ ደረሰና መንገዱ ከኋላዋ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ከሱረያ ጋር እንደ ድሮው አንድ ምንጣፍ ላይ ተኙ። ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሐይቅ ከተማ መፍሰስ ጀመረ። ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ እግረኛው፣ ሁሉ ፊቱን ወደ ደሴ አዞረ።

«እማዬን ይዘሽ ሂጂ» አለቻት ኡሙሀኒ። «እኔ ሀሚዱን ጥዬ ወደ ደሴ አልዞርም። ተዋጊው ካለፈ በኋላ በተራራው ሾልኬ ቤቴ እገባለሁ። እስከዚያ ዶሮዎችሽን አበላልሻለሁ።»

«ቢመጡብሽስ?»

«ከተርሂል ዘበኛ ይብሳሉ? አብሽሪ!»

ሱረያ የዶሮ ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። «አማና ነው፣ አደራሽን» አለቻት።

«አማና ነው» አለች ኡሙሀኒም፤ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ሱረያ እናቷን ይዛ ደሴ ገባች፤ ደሴም አልጸናችም። ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ከኮምቦልቻም ከአስፋልቱ ወጥተው ቃሉ ገጠር የእትዬ አሲያ ዘመድ ዘንድ ተጠጉ። እዚያ ከወር በላይ ሲቀመጡ ሱረያ በየሶላቷ መጨረሻ ዱዓ ስታደርግ መጀመሪያ የምትጠራው ኡሙሀኒን ነበር፤ ቀጥሎ እናቷን፤ ከዚያ ራሷን። ዶሮዎቹንም አልረሳቻቸውም፤ ግን ለዶሮ ዱዓ ማድረግ አሳፍሯት በሆዷ ብቻ ትላቸዋለች።

በታኅሣሥ ሲመለሱ የዶሮ ቤቱ በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወድቋል። ቆጡ ለማገዶ ተነቅሏል። ወለሉ ላይ ላባና የተረገጠ የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ቀርቷል። ከተማው ውስጥ ያልተሰበረ በር አልነበረምና ሱረያ በራሷ ብቻ የደረሰ አድርጋ አላለቀሰችም። በአምስተኛው ቀን ኡሙሀኒ የማሽላ ዱቄት ተሸክማ ከአምባሰል ደረሰች። ሱረያ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«በሏቸው አይደል?» አለቻት።

ኡሙሀኒ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። «በሏቸው» አለች።

ተያይዘው ተላቀሱ። ከልቅሶው በኋላ ኡሙሀኒ በሩ እንዴት እንደተሰበረ፣ ስንት ሆነው እንደገቡ፣ እሷ በየትኛው ጥግ ቆማ እንዳየች አወራች። «ጠቃጠቆን በመጨረሻ ነው ያረዷት» አለች። «ቆርቆሮው ላይ ወጥታ አስቸግራቸው ነበር።» ሱረያ ጆሮዋን በእጇ ያዘች። «ተይኝ፣ አትንገሪኝ! አንቺ ተርፈሽልኛል፣ ዶሮ ምን አላት!» አለች። ከጂዳ የተረፈቻትን አንዲት ደህና አባያ አውጥታ አለበሰቻት። ቀበሌው የጠፋውን ንብረት ሲመዘግብም ምስክር ሆና የቀረበችላት ኡሙሀኒ ናት። «ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት» ብላ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ሱረያ የሚታረስ የላት፣ ዶሮም የላት፤ እንቁላል መነገድ ያዘች። በገበያ ቀን በሚኒባስ ውጫሌ ትሄድና ከአምባሰል ሴቶች ሰብስባ ሐይቅ ለቁርስ ቤቶች ታስረክባለች። የካቲት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እንዲሁ ከአንዲት ባልቴት ፊት ተቀመጠች። ቅርጫታቸው ውስጥ ጭዱ ላይ ከሐበሻዎቹ ትንንሽ ነጫጭ እንቁላሎች መሃል ትልልቅ ዳማዎች አሉ። አንዱን አንስታ አገላበጠችው። ወፍራሙ ጫፍ ላይ ጥቁር ጤፍ ተነስንሷል።

መልሳ አስቀመጠችው። «ዓለም ላይ ጠቃጠቆ ያለው እንቁላል አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለች ለራሷ። ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን አነሳች። አራተኛው ወገቡ ላይ መቀነት ነበረው።

«እናቴ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከላይ ነው፣ ከሀሚዱ ሚስት። እኔ ይዤላት እወርዳለሁ። ጂዳ የነበረች ናት፤ ማሻ አላህ፣ ዶሮ እንደሷ የሚያውቅ የለም።»

ሱረያ አራቱን እንቁላሎች ገዝታ በጉፍታዋ ጫፍ ቋጠረችና ዳገቱን ተያያዘችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትወጣ ለራሷ ምክንያት ስታበጅ ነበር። ምናልባት ሁለት አምልጠው ይሆናል፤ ምናልባት ዛሬ ነገ ልትነግረኝ ስትል ነው፤ ምናልባት ሌላ ሰው አምጥቶ ሸጦላት ይሆናል። ግቢው ደጃፍ ስትደርስ ምናልባቱ ሁሉ አለቀ። አሥራ አራት ዶሮዎች አመድ እየጫሩ ነው። ጠቃጠቆ አንገቷን አጣማ አየቻት።

ሀሚዱ መደቡ ላይ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሲያያት ፊቱ በራ። «ሱረያ! መርሐባ፣ እህታችን! ልነሳልሽ ብል እግሬ እንቢ አለኝ። አላህ ይስጥሽ፤ እነዚህን ዶሮዎች ባትሰጫት ኖሮ ዘንድሮ እኛን የሚያገኘን ሰው አልነበረም። አዝመራው ሁሉ ተበልቶ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ። አላህ በጀነት ይተካልሽ!»

ሱረያ የእግሩን መጠቅለያ አየች፤ ገጽታውን አየች። ሰውየው ምንም እንደማያውቅ ገባት። ሚስትህ ሌባ ናት ብሎ ለቁስለኛ መንገር ከአፏ አልወጣ አለ።

«አሚን» አለችው።

ኡሙሀኒ እንስራ አዝላ በጓሮ ስትገባ አየቻትና ባለችበት ቆመች። ሱረያ እጇን ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ወሰደቻት፤ ቋጠሮዋን ፈትታ እንቁላሎቹን አሳየቻት። ኡሙሀኒ አይታ ዓይኗን መለሰች።

«አድኛቸው ነው» አለች። «ወላሂ አድኛቸው ነው፣ ሱረያ። ተዋጊዎቹ ከተማውን ሳይሞሉት ገና ጎህ ሲቀድ፣ የሀሚዱ ወንድም በአህያ መጥቶ፣ በቅርጫት አድርገን በተራራው አወጣናቸው። ዘጠኙ መንገድ ላይ ታፍነው ሞቱ። የቀሩትን በነፍሴ ተወራርጄ ነው ያዳንሁልሽ።»

«አድነሽልኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁ! አፌ ላይ ነበር። አንቺ ነሽ 'በሏቸው አይደል?' ያልሽኝ። ቤቴ ውስጥ ቁራሽ የለ፣ ሀሚዱ ወድቋል። 'በሏቸው አይደል' ስትዪ... አዎ አልሁ። ከአፌ አመለጠኝ።»

ይህን ያህሉን የሱረያ ልብ ሊቀበለው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ራብ ነው፤ ራብን ታውቀዋለች፤ ተርሂል ውስጥ አብረው አውቀውታል።

«እሺ፣ አዎ አልሽ» አለች በመጨረሻ። «ጠቃጠቆን በመጨረሻ አረዷት ያልሽውንስ እኔ ነኝ ያልሁልሽ? ቆርቆሮ ላይ ወጣች ያልሽውን? አባያዬን ለብሰሽ ቀበሌ ቆመሽ ወላሂ ያልሽውን?»

«ለሀሚዱ አትንገሪብኝ» አለች ኡሙሀኒ።

«አንቺው ንገሪው። ከዚያ ግማሹን ውሰጂ ብልሽ እኔ እህትሽ ነኝ። ካልነገርሽው ግን ሽማግሌ እጠራለሁ።»

ኡሙሀኒ አልነገረችውም። ሱረያ ሦስት ሳምንት ጠበቀችና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሁለቱም አገር በተውጣጡ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ውጫሌ መስጊዱ ጎን ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዋናው ሼህ ኑርዬ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። ሀሚዱም በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ሱረያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች፤ እንቁላሎቹንም አወጣች።

«ልጄ» አሉ ሼህ ኑርዬ በርኅራኄ፣ «እንቁላል ሲመሰክር አልሰማንም። ሰው አለሽ?»

ሰው አልነበራትም። ቁልፍ ስትሰጥ ያዩት እትዬ አሲያ ብቻ ናቸው፤ እናት ለልጇ ብትመሰክር ማን ይሰማል።

ኡሙሀኒ ተጠየቀች። ሱረያ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ኡሙሀኒ ታለቅሳለች፣ ታምናለች፣ ጉዳዩም በምርቃት ያልቃል ብላ ታስብ ነበር። ኡሙሀኒ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ሰጥታኝ ነው» አለች። «ስትሸሽ 'ከተረፉ ያንቺ ናቸው' ብላኝ ነው የሄደች።»

«ቀበሌ ተበሉ ብለሽ አልመሰከርሽም?» አሏት አንደኛው ሽማግሌ።

«እሷው ናት ያለችኝ። 'በሏቸው' የሚለው ቃል የወጣው ከሷ አፍ ነው። እርዳታ እንድታገኝ ብዬ ነው የመሰከርሁላት።»

ሱረያ ጆሮዋን አላመነችም። ያ ቃል በእርግጥ መጀመሪያ የወጣው ከእሷ አፍ ነበርና ለመካድ እንኳ አልመች አላት። ሽማግሌዎቹ ሲተያዩ አየች። ከዚያ ሀሚዱ ተጠየቀ። ሀሚዱ ውሸት አያውቅም፤ ያየውን ተናገረ። «እኔ በውስጡ የለሁበትም። ግን ቤቴ ስትመጣ ስለ ዶሮዎቹ ስጦታ አመሰገንኋት፤ አሚን አለችኝ።»

«ብለሻል?» አሉ ሼህ ኑርዬ።

«ብያለሁ» አለች ሱረያ። ለምን እንዳለች ልታስረዳ ጀመረች፤ የሀሚዱን እግር አየችና ተወችው።

«እንግዲህ ከሳሽ ምስክር ያመጣል፣ የካደ ይምላል» አሉ ሼሁ። «ኡሙሀኒ፣ ትምያለሽ?»

«እምላለሁ» አለችና እጇን ዘረጋች። ያ እጅ ሱረያ ግንባር ላይ እርጥብ ሻሽ ሲያኖር የከረመው እጅ ነው።

«አታስምሏት!» አለች ሱረያ።

«ይቅር አልሽ?»

«አላልሁም። ያንን 'ወላሂ' ሁለተኛ ከአፏ መስማት አልፈልግም። ዶሮዎቹን ትውሰድ።»

ሽማግሌዎቹ ክሱን የተወችው ሐቅ ስላልያዘች ነው ብለው ተረዱት። ዱዓ አድርገው፣ በረመዳን ዋዜማ ቂም እንዳትይዝ መክረው አሰናበቷት። ሀሚዱ በበቅሎው ላይ ሆኖ ዞር ብሎ ሁለት ጊዜ አያት፤ የገባው ነገር ይኑር አይኑር አልታወቀም። እንቁላሎቹ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀሩ።

ወሬው ከሱረያ ቀድሞ ሐይቅ ገባ። «ሰጥታ መንጠቅ አማራት» ያለ አለ። «ዶሮዎቿን ደብቃ እርዳታ ልትበላ ነበር» ያለም አለ፤ የከፋት ይሄኛው ነው። ቀበሌው ስሟን ከተጎጂዎች መዝገብ ሰረዘው። ተሻለች ለቢሮው ደብዳቤ ጻፈችላት፤ የጠቃጠቆን እንቁላል እኔም አውቀዋለሁ ብላ ተከራከረች፤ የሚሰማት አላገኘችም። እትዬ አሲያ «አደራ በላ!» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ተራገሙና ከዚያ በኋላ የኡሙሀኒን ስም በቤታቸው አላነሡም። ሱረያም አላነሣችም። ግን ምንጣፉ ላይ ስትተኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ቦታ ትታ ነው የምትተኛው፤ ልማድ ነው።

ሥራዋን አልተወችም። ሁለት የሐበሻ ዶሮ ይዛ ጀመረች፤ በ2015 ተሻለች ለመጣል የደረሱ አሥር ቄቦች ከአንድ አርቢ አስገኘችላት። አሁን ከየቀበሌው ሴቶች መጥተው ይጠይቋታል። ለሚታቀፍ እንቁላል ውሃ አታስነኩ ትላለች፤ ገና የተጣለ እንቁላል መዳፋቸው ላይ እያኖረች ሲደርቅ ታሳያቸዋለች። የሚገርማቸው ለዶሮዎቿ ስም አለማውጣቷ ነው።

በ2016 ጥቅምት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መኖ ስትለውስ፣ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ሱረያ? እኔ ነኝ።»

ድምፁን በአንድ ቃል አወቀችው። ኡሙሀኒ ዳግመኛ ተሰዳለች፤ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግራ ሪያድ ሰው ቤት ገብታለች። እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። የሀሚዱ እግር እንዳልዳነ፣ ዶሮዎቹ በፈንግል አንድ ሳይቀሩ እንዳለቁ፣ ባሕሩ ላይ ሞቷን አይታ እንደነበር። «ባሕሩ ላይ አንቺን ነው የጠራሁ። አፉ በይኝ፣ እህቴ። አፉ ሳትይኝ እንዳልሞት።»

ሱረያ በመኖ የተለወሰ እጇን ከግድግዳው ጠረገች። ይቅርታ የሚለምንን መመለስ ከባድ እንደሆነ ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ለሀሚዱ ነግረሽዋል?»

ከኡሙሀኒ ኋላ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አንዲት ሴት በዐረብኛ ስትጣራ ይሰማል።

«አልነገርሁትም» አለች ኡሙሀኒ።

ሱረያ ስልኩን ዘጋች።

«ማን ነበር?» አሉ እትዬ አሲያ ከውስጥ።

«ቁጥር ተሳስተው ነው፣ እማ» አለች፤ መኖውን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች።